ቢንቢ ዘመድ አያውቅም፦ የጎጃም ጉዞ ማስታወሻ

ነሐሴ መጨረሻ፣ ከጉዞው በፊት

እህቴ የምሥራቹን የነገረችኝ በስልክ ነው። የአባታችን የሰባት ዓመት ተዝካር ጥቅምት 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ሊወጣ ነበርና፣ ከ14 ዓመት በኋላ ልጇን ይዛ ልትመጣ ቆርጣለች። ልጁ 7 ዓመቱ ነው፤ ጎጃምን በፎቶ እንጂ አያውቃትም። እልል ካልኩ በኋላ «ክትባትስ ጀመራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከዚያ «እንዴ እታለም፣ ወደ ሀገሬ እኮ ነው የምመጣው» አለችኝ።

ነርስ ነኝ፤ ይህችን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ባዕዱ ጎብኚ ክኒኑን ይዞ፣ ክርኑ ድረስ ተሸፋፍኖ ይመጣል። ወደ ዘመዶቹ የሚመለሰው የእኛው ሰው ግን ባዶ እጁን ይመጣና ከጎብኚው ይልቅ በወባ የሚያዘው እሱ ይሆናል። ሆቴል አያድርም፣ ዘመድ ቤት ነው የሚያድረው። ገጠር ይወርዳል፤ የቀረበለትን አልበላም አይልም። ቆላ ተወልዶ በተደጋጋሚ እየታመመ ያደገ ሰው የሚያገኘው የመቋቋም አቅም እንኳ፣ ከአካባቢው ከራቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይከዳዋል። እኛ ደግሞ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያደግን የማርቆስ ልጆች ነን፤ ከመጀመሪያውም አልነበረንም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ገላ ነው። ሥራ በያዝኩ በዓመቱ ፍኖተ ሰላም አክስቴ ዘንድ ሦስት ሌሊት አድሬ ተመለስኩ። በ12ኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ዳማከሴ እያሸሁ አራት ቀን ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ፣ እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። ነርስ ሆኜ አልጠረጠርኩም፤ የአክስቴ ቤት ነዋ!

እህቴን ሦስት ማታ ነዘነዝኳት። ለጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቷት ስለነበር ጊዜው በቂ ነው። በምትኖርበት ከተማ የመንገደኞች ክሊኒክ ሄደች። የልጁ የኩፍኝና የፖሊዮ ክትባት መሟላቱ ታየ፤ እሷ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን አደሰች። ሁለቱም የሄፓታይተስ ኤ እና የታይፎይድ ተወጉ። የቢጫ ወባውን «ከእኔ ሀገር ለሚመጣ አይጠየቅም» ብላ ልትተወው ነበር። ድንበር ላይ አለመጠየቅና በሽታው አለመኖር ግን ለየቅል ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ኦሞ ሸለቆና አካባቢው ላይ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ክትባቱ አንዴ ከተወሰደ፣ ማስረጃው የሆነው ቢጫ ካርድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ መጽናት የሚጀምረው ግን በ10ኛው ቀን ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

ከሁሉም ያጨቃጨቀን የእብድ ውሻ ክትባት ነው። ውድ ነው፣ ያኔ የታዘዘለትም ሦስት ጊዜ ነበር። «ለሁለት ሳምንት ብዬ?» አለች። ልጆች ውሻ ሲያዩ አያስችላቸውም፣ ቢነከሱም ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ ብዬ ለመንኳት። ለልጁ ብቻ አስወጋችው።

ጥቅምት 8፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በኮንትራት መኪና ወጣን። የወባ መከላከያውን ከሁለት ቀን በፊት ጀምረዋል። እህቴ ዶክሲሳይክሊን ትውጣለች፤ እሱ ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ስለማይሰጥ፣ ልጁ በኪሎው ልክ የታዘዘለትን ማላሮን ከወተት ጋር ይወስዳል። እህቴን ክኒኑን በብዙ ውሃ እንድትውጥና ወዲያው ጋደም እንዳትል አስጠንቅቄያታለሁ፤ ጉሮሮ ይልጣል። ፀሐይም ያስቆጣል፣ ስለዚህ ባርኔጣ።

ጎሃ ጽዮን ላይ ጋቢ ለብሰን ቡና ጠጣን። ከዚያ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይጠመዘዛል። ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ሹራብ ይወልቃል። ከ2,400 ሜትር በላይ ተነሥቶ ወንዙ ዘንድ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ሲወረድ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ሌላ ሀገር እንደመግባት ነው። ልጁ ጥምዝምዙ አዙሮት ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጬ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት።

ድልድዩ ጋ «እዚህ ቢንቢ አለ?» አለኝ። አለ፤ ግን የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በአምስት ሰዓት ፀሐይ አልፎ ለሚሄድ መንገደኛ የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ የደጀን አፋፍ ገበሬ በረሃ ወርዶ ያርሳል እንጂ አያድርም ይለን ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሬውን እየነዳ ዳገቱን ይወጣል። ትንኟ ንዳድ እንደምታመጣ ማንም ሳይነግረው፣ ሌሊቱ እንደሚገድል ያውቅ ነበር።

ማታ እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የሆነውን አልጽፈውም።

ጥቅምት 9፣ ደብረ ማርቆስ

እማዬ ለልጅ ልጇ ውሃ በጣሳ ቀድታ ስታቀርብ ከእጇ ተቀበልኩ። ከፋት። «እናንተን ያሳደገ ውሃ አይደለም ወይ?» አለች። አዎ ነው፤ እኛን ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስላለማመደን ነው። የልጁ ሆድ ለዚህ ውሃ እንግዳ ነው። ይህን ስነግራት ገባት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግራት ራሷ ታፈላለት ጀመር። ደጋ ላይ ውሃ ከቆላው ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። እማዬ ሰዓት አታይም፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በእርጋታ ትደግምና ታወርደዋለች። ለካሁት፤ ስለማይሞላ ሦስት ጊዜ ድገሚው አልኳት።

ምግብ አላስቸገረንም። ሽሮው እየተንተከተከ ይቀርባል፣ ዳቦው ከምጣድ ይወርዳል። በሙቀቱ የሚበላ ነገር አያሰጋም። የተከለከለው ሰላጣ፣ ያልተፈላ ወተትና ተልጦ የቆየ ፍራፍሬ ነው። ጠላም እንዲሁ፤ ጥሬ ውሃ ነው የሚገባበት።

ማታ እማዬ የንዳዱን ዘመን አወራችን። በ1951 ዓ.ም. አካባቢ፣ ልጅ ሳለች፣ ወባ ከቆላ ወጥቶ ወይና ደጋውን ያጠቃበት ዓመት ነው። በዚያ ወረርሽኝ በሀገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንዳለቀ ተጽፏል። እማዬ ቁጥሩን አታውቀውም። የምታውቀው የአጎቷን ቤት ነው፤ ስድስት ሰው የነበረበት ቤት በአንድ ጥቅምት በሩ ተዘጋ።

ጥቅምት 10፣ ተዝካር

ቀሳውስቱ ጸሎት አደረሱ፣ ድሃው በላ፣ ዘመድ ተሰበሰበ። ከሩቅ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ግን በር ላይ ቀሩ፤ አልገባም አሉ። እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ነው። ሰው እንዳይጸየፋቸው ነው የፈሩት። እጃቸውን ይዤ አስገባሁና አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። የጎጃም ደጋ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በዘርም እርግማን አይደለም። ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረግጡት የሚመጣ ነው። ጫማ ይከላከለዋል። የጀመረውንም በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ካልሲ ያስታግሱታል። ልጁ ጫማውን አውልቆ ከልጆች ጋር ሲሮጥ እህቴ ጠራችው። ለሁለት ሳምንት ዝሆኔ አይዘውም፤ ሙጀሌና መንጠቆ ትል ግን ቀን አይቆጥሩም።

እህቴ ከጥሬ ሥጋው ቆረጠች። 14 ዓመት የናፈቀችው ነው፣ ከእጇ ለመንጠቅ አልጨከንኩም። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ሰገራዋን እንድትመረመር፣ ኮሶ ከተገኘ በክኒን እንደሚድን ብቻ ነገርኳት። ጠላውንም ጠጣች።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

ሌሊት እህቴን ተቅማጥ ያዛት። ትኩሳትና ደም የለውም፤ ሕይወት አድኑን በየጊዜው እየጠጣች ቀትር ላይ ቀለል አላት። ደም ወይም ትኩሳት ቢኖር ግን ቤት አልይዛትም ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ከጎረቤት ግቢ እጁን ከኋላው ደብቆ መጣ። «ምን ሆንክ?» ስለው ምንም አለ። ግራ እጁን ገልጬ አየሁ። ከአንጓው በላይ ሦስት ጭረት፤ አንደኛው ደም አዝሏል። ቡችላ ነው፣ ሦስት ወር ቢሆነው ነው፤ ሲያጫውተው በጥርሱም በጥፍሩም ቧጭሮታል።

ቧንቧው ጋ ወሰድኩት። እህቴ ስልኳን ይዛ ደቂቃ ቆጠረች፣ እማዬ በጆግ ውሃ አፈሰሰች፣ እኔ በልብስ ሳሙና አጠብኩ። 15 ደቂቃ። 15 ደቂቃ ቁስል ማጠብ ረጅም ነው፤ በአምስተኛው ልጁ ሰለቸው፣ በስምንተኛው አለቀሰ፣ በአሥረኛው እማዬ «ይበቃዋል ልጄ፣ እጁ ነጣ እኮ» አለች። አላቆምኩም። የበሽታው ቫይረስ ወደ ነርቭ ከመግባቱ በፊት የሚታጠበው እዚያው ጭረቱ ላይ ነው። አንዴ ምልክቱ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ከምልክቱ በፊት ከታጠበና ከተከተበ ግን ሰው ይተርፋል።

እማዬ መድኃኒት የሚቀምሙ አዋቂ ሰው ሰፈር ውስጥ እንዳሉ ነገረችን። ስንት ልጅ አድነዋል አለች። አልተከራከርኳትም። ነክሶ የሸሸ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ ካላበደ ውሻ የተረፈውም ያው በመድኃኒቱ ዳነ ይባላል። «እማዬ፣ መርፌው ይቅደም፤ ጸበሉን አንቺ ትረጪዋለሽ» አልኳት። እሺ አለች።

መርፌው ግን እሑድ ማታ ከየት ይገኛል? የጠየቅናቸው ሁለት ቦታዎች አልቋል አሉን። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ባሕር ዳር ትሠራለች፣ ደወልኩላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደውላ «አለ፣ አስቀምጬልሃለሁ በይው» አለች። ባለቡችላው ጎረቤታችን ደግ ሰው ናቸው፤ ቡችላውን ሳይገድሉ አስረው 10 ቀን እንዲጠብቁልን ለመንናቸው። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው።

እህቴ ማታ ከጎኔ ተኝታ «ክትባቱን ባላስወጋው ኖሮስ?» አለችኝ። ቀድሞ ያልተከተበ ልጅ ደም ባዘለ ጭረት አራት መርፌ፣ በላዩም ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ያስፈልገዋል፤ ይህኛው ደግሞ ከክትባቱም ይበልጥ ብርቅ ነው። ቀድሞ የተከተበ ግን ሁለት መርፌ ይበቃዋል፤ አንዱ ወዲያው፣ ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን። እጄን ጨበጠችኝ።

ጥቅምት 12፣ ወደ ባሕር ዳር

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣን። ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን በመስኮት አየናቸው። ጤፉ ወደ ቢጫ እየሄደ ነበር። ከቀትር በኋላ ልጁ ተወጋ፣ ከረሜላም አገኘ።

ጥቅምት 13 እና 14፣ ጣና

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ወባ አለባት። ፀሐይ ስትጠልቅ እጅጌ ረጅም፣ ካልሲ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት።

በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። የቡናውን ጫካ አቋርጠን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ስንመለስ ልጁ ዳርቻው ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ውሃው ብርጭቆ ይመስላል፤ የሰፈሩ ልጆች እየተንቦጫረቁ ነው። «አይሆንም» ስለው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ዳርቻው ላይ ተቀምጬ አስረዳሁት። እዚህ ውሃ ውስጥ ትንሽ ቀንድ አውጣ አለች። ከእሷ የሚወጣው የብልሃርዝያ ትል በዓይን አይታይም፤ ያልቆሰለ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ጉበትና አንጀት ይጎዳል። መዋጥ አያስፈልገውም፣ እግር መንከር በቂ ነው። ወጥቶ በፎጣ መጥረግም አስተማማኝ አይደለም። የገባ ሰው ካለ ከሁለት ወር በኋላ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ያድነዋል። የሰፈሩ ልጆች ግን ታክመው ማግስቱን ተመልሰው ይገባሉ፤ ሌላ መታጠቢያ የላቸውም። ይህ ያንገበግበኛል።

እማዬ ጋቢያችንን የምታጥብበት እንዶድ ይህችን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈው አዩ። ለልጁ ይህን ስነግረው እንባውን ረስቶ «እማማ ሳይንቲስት ናት?» አለኝ።

ጥቅምት 15፣ ፍኖተ ሰላም

ጠዋት ሁለተኛው መርፌ ተወጋ። ከዚያ አክስታችን ዘንድ ወረድን፤ እኔን ንዳድ የያዘኝ ያ ቤት ነው።

አክስታችን የእንግዳ አልጋ አንጥፋለች፤ አጎበር ግን አልተሰቀለም። ከመንግሥት የተሰጣት አዲስ አጎበር ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ለክብር እንግዳ ያስቀመጠችው። ይኸው እንግዳ መጣ አልናት። ከሳጥን የወጣ አዲስ አጎበር ኬሚካሉ ቆዳ እንዳያሳክክ አንድ ቀን ጥላ ሥር ቢናፈስ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ስላልነበረን እስኪመሽ ጓሮ ሰጣነው። ማገሩ ላይ ምስማር መትተን በሲባጎ አራት ማዕዘኑን ወጠርን፤ ጠርዙን ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ሸጎጥን። ልጁን አስገብቼ በስልክ መብራት ውስጡን ዳሰስኩ። አንዲት ቢንቢ ጥግ ላይ ተጣብቃ አገኘሁና በመዳፌ ደፈጠጥኳት። ደም አልነበራትም።

ግድግዳው አዲስ ተለቅልቋል። መቼ ተረጨ ብላት ነሐሴ ነው አለች፤ ለተዝካሩ እንግዳ ብላ መስከረም ላይ በጭቃና በእበት ለቀለቀችው። ኬሚካሉ ከልቅላቂው ሥር ተቀበረ ማለት ነው። ቀጥሎ ሲረጭ የወባው ወቅት እስኪያልፍ እንዳትነካው ነገርኳት።

ጥቅምት 16፣ ጤና ኬላ

የአክስታችን የልጅ ልጅ፣ የ5 ዓመት ልጅ፣ ትኩሳት ይዞት አደረ። አክስታችን «ብርድ ነው» አለች። ብርድ የሚለው ቃል ያስደነግጠኛል። አዝዬው ጤና ኬላ ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣቱን ወጋች፣ ጠብታ ደም ኪቱ ላይ አኖረች፣ 20 ደቂቃ ጠበቅን። ሁለተኛዋ መስመር ቀስ ብላ ቀላች። ፋልሲፓረም፤ ገዳዩ የወባ ዓይነት። ኮአርተም ተሰጠው፤ ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። አክስታችን ትኩሳቱ በማግስቱ ሲለቀው ቀሪውን ለሌላ ልጅ ልታስቀምጥ እንደምትችል አውቃለሁና፣ ስድስቱንም መዋጫ በጣቷ አስቆጠርኳት።

ጥቅምት 17 እና 18

እማዬን ተሰናበትን። መንገዱ ሰላም ነበር።

ጥቅምት 21፣ አዲስ አበባ

እማዬ ደወለች። «ቡችላው ይበላል፣ ይጮኻል፣ ገመዱንም በልቶ ጨርሶታል» አለች። እህቴ ስልኩን ጉንጯ ላይ እንዳደረገች አለቀሰች።

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋቸው። የልጁ ክኒን ከወባው ቀበሌ ከወጣ 7 ቀን፣ የእሷ ግን አራት ሳምንት ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፣ ቤቱ ገብቷልና። በአንድ ወረቀት ላይ «ጥቅምት ወር ኢትዮጵያ፣ የወባ አካባቢ ነበርኩ» ብላ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ እንድትይዝ አደረግኋት። እስከ ዓመት ድረስ ትኩሳት በያዛት ቁጥር፣ ጉንፋን ቢመስላትም እንኳ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ወረቀት ለሐኪሟ ታሳያለች። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣልና።

ኅዳር 15 ማታ ፎቶ ላከችልኝ። ባዶ የክኒን ማሸጊያ፣ ከጎኑ የልጁ እጅ። ሦስቱ ጭረቶች ነጭ መስመር ብቻ ሆነዋል።